የሽቶ እርከኖችና «ፓርፉም» የምትለው ቃል



ከተላጩ በኋላ የሚቀባ ሽቶ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ወዲያው ይወስናል። በእኔ እይታ ያወቀው የሽቶውን መግቢያ ብቻ ነው፤ ንጥረ ነገሮቹ የሚተኑበት ፍጥነት ይለያያልና። ሎሚና ቤርጋሞት በደቂቃዎች ውስጥ ይበንናሉ፤ ጄራኒየም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የሰንደል እንጨትና ኩማሪን ከሁሉም ዘግይተው ይሰናበታሉ። ባለሙያዎች እነዚህን የላይኛ፣ የመካከለኛና የታችኛ ኖታ ይሏቸዋል።

ኩማሪንን ለአብነት ላንሳ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1868 በቤተ ሙከራ ሠራው። በ1882 በፓሪስ የወጣው «ፉዤር ሮያል» ይህንኑ ከላቬንደርና ከኦክ ዛፍ ሽበት ጋር አዋሕዶ፣ ዛሬም በመላጫ ሳሙናዎች የምናሸትተውን የማዕዛ ወገን መሠረተ።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት፤ የጥርኝ ዝባድ የሽቶን ማዕዛ ሲያጸና ኖሯል። ዛሬ በአመዛኙ በሰው ሠራሽ ውህድ ተተክቷል፤ ይህም ለታሰረው እንስሳ እፎይታ፣ ለአርቢው ገበሬ ግን የገበያ ማጣት ነው።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም። በላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሎል አየር ሲነካው ቆዳን የሚያስቆጣ ውህድ ይፈጥራል፤ ገና የተላጨ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ውስጥ ሊናሎል ከ0.001 በመቶ በላይ ከሆነ ስሙ በግልጽ ይጻፋል። ሌሎቹን ብዙ ንጥረ ነገሮች ግን «ፓርፉም» የምትለው አንዲት ቃል ትሸፍናቸዋለች።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ጠብታ ክንዳችሁ ላይ አኑራችሁ ታገሡ፤ መለያውንም አንብቡ።