ድካሙ ደግ ምልክት ሲሆን

ከሆሳዕና አልፎ በምትገኘው ጊምቢቹ የአንዲት ሴት ፊት በጥቂት ወራት ቢሞላና ሆዷ ቢገፋ ጎረቤት የሚላት «ተመችቶሻል» ነው። እሷ ግን እንሰት ፍቃ ከተቀመጠችበት ስትነሳ መሬት መደገፍ ጀምራለች። ክንዷና እግሯ ቀጥነዋል፤ ትንሽ የነካት ሁሉ ይበልዛል፤ ሆዷ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሰንበር ወጥቷል። ደም ግፊትና ስኳርም ተከትለዋል። ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ በዝቶ ሲከርም መልኩ ይህ ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ማለት አለበት። በዓለም ዙሪያ የዚህ ችግር ቀዳሚ ምክንያት እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ታዘው በዚያው የቀጠሉ፣ አንዳንዴም ለመወፈር ተብለው ያለ ማዘዣ የተገዙ። እንዲህ ያለ ነገር ካልወሰደች ነው የኩሺንግ በሽታ የሚጠረጠረው። ይህ በሽታ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው፤ በብዛት ሴቶችን ያጠቃል። ስሙ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጸው፣ በ1932 ደግሞ ከፒቱታሪ ጋር ካያያዘው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ የመጣ ነው።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለች አተር የምታክል ዕጢ ናት። ኤሲቲኤች በተባለ ሆርሞን አማካይነት ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል እንዲያመርቱ ታዛለች። በላይዋ የበቀለ ትንሽ እባጭ ይህን ትእዛዝ ያለማቋረጥ ሲልክ በሽታው ይመጣል። እባጩ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር ስለሚያንስ በኤምአርአይ እንኳ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው በአፍንጫ በኩል ገብቶ ማውጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነውና ሙያው በአገራችን ገና ወጣት ነው። ይህ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ከውጤቱ ወሳኞች አንዱ የቀዶ ሐኪሙ ልምድ ነው። በለመደ እጅ ትንሽ እባጭ ካለባቸው ከ10 ሰዎች 8ቱ ገደማ፣ ትልቅ ካለባቸው 6ቱ ገደማ በሽታው ይለቃቸዋል። እባጩ በጎን ወዳለው የደም ሥር ዋሻ ከዘለቀ ተስፋው ይቀንሳል።

በሽታው መልቀቁን አስቀድሞ የሚናገረው ዋና ምስክር ግን በቀዶ ሕክምናው ሳምንት የሚለካው የጠዋት ኮርቲዞል ነው። በዴሲሊትር ከ2 ማይክሮግራም በታች ከወረደ ሐኪሞቹ ደስ ይላቸዋል፤ ታካሚዋ ግን አቅም ታጣለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ቤተሰብ «ይባስ ብለው ገደሏት» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮርቲዞል በበዛባቸው ዓመታት የፒቱታሪ ጤነኛ ሴሎች ትእዛዝ መስጠት አቁመዋል። እባጩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የሚያዝ ይጠፋል። ኮርቲዞሉ ካልወረደ ግን ሌላ አዛዥ ቀርቷል፣ የቀረውም የእባጩ ርዝራዥ ሊሆን ይችላል።

ሴሎቹ እስኪነቁ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ግድ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጋ ጊምቢቹ ለገባች ሴት ክኒኑ አለቀ ማለት የሞት አደጋ ነው። ወባም ሆነ ሌላ ትኩሳት ሲይዛት መጠኑ በሐኪም ምክር ይጨመራል፤ ክኒኑን ካስመለሳት መርፌ ያስፈልጋታል። ይህ በመሸኛ ወረቀቷ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ በእኔ እምነት፣ ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሥራ ነው።

በሽታው ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ክኒን ሳያስፈልጋቸው የቀሩት ዕድለኞች ይመስላሉ፤ የሚመለስባቸው ግን ከሌሎቹ ይልቅ እነሱ ናቸው። መመለሱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳየው እኩለ ሌሊት አካባቢ የተወሰደ ምራቅ ነው፤ ጤነኛ ሰው በዚያ ሰዓት ኮርቲዞሉ ዝቅ ይላል፣ በታማሚ ላይ ግን አይወርድም። ምራቁን ቤቷ ሆና በትንሽ ብልቃጥ መያዝ ትችላለች፤ የሚቸግረው የሚመረምረው ላቦራቶሪ ነው።