ሯጭ የሚያስመርቀው ትምህርት ቤት

ኢቴን በምዕራብ ኬንያ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከጫፏ ላይ መሬቱ ድንገት ገደል ሆኖ ወደ ኬሪዮ ሸለቆ ይወርዳል። ቅዱስ ፓትሪክ የተባለው የወንዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የአየርላንድ ካቶሊክ መነኮሳት ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

በ1976 ብራዘር ኮልም ኦኮነል ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ከአየርላንድ መጡ። አሠልጣኝነት አያውቁም ነበር። የሩጫ ቡድኑን የያዘው የእንግሊዛዊው ሯጭ የብሬንዳን ፎስተር ወንድም ፒተር ሲሆን፣ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ቡድኑ ለጂኦግራፊ መምህሩ ተረፈ።

ከዚያ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል። የትምህርት ቤቱ ልጅ ኢብራሂም ሁሴን በ1987 የኒውዮርክን፣ በ1988 የቦስተንን ማራቶን ሲያሸንፍ በሁለቱም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። በ1991 ቦስተን ላይ የኛን አበበ መኮንንን ሁለተኛ ያደረገውም እሱ ነው። ሌላው የትምህርት ቤቱ ልጅ ፒተር ሮኖ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ የ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ማቲው ቢሪርም በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ የ3,000 ሜትር መሰናክሉን ወድቆ ተነሥቶ አሸነፈ። ስመ ጥር የሆኑ ልጆች በግቢው ውስጥ ችግኝ ይተክላሉ፤ ዛፉ ላይም ስማቸው ይለጠፋል።

ብዙ ሰው ምክንያቱ ከፍታው ነው ይላል። እኔ ግን ይህ መልስ አይበቃኝም፤ ያንኑ አየር የሚተነፍስ ስንት ትምህርት ቤት በአካባቢው አለ! የአዳሪነቱ ነገር ይበልጥ ያሳምነኛል። ልጁ የሚተኛው፣ የሚበላው፣ የሚማረውና የሚሮጠው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ልምምዱን የሚቀማው የቤት ውስጥ ሥራም ሆነ ረጅም መንገድ የለም። ብራዘር ኮልም ደግሞ ታዳጊን በከባድ ልምምድ ማድከምን አይወዱም፤ ሰውነቱን ሳያጨናንቅ እንዲሮጥ ያስተምሩታል እንጂ። ሩጫውም የትምህርት በር ይከፍት ነበር፤ ሁሴንም ሮኖም አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተምረዋል። በኋላ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት የሥልጠና ካምፕ ሲጀመር ሴቶች ልጆችም መጡ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የኛዋ በቆጂም ሯጮቿን ያገኘችው በስፖርት መምህሩ በስንታየሁ እሸቱ ዓይን ነው።

ወደ ኢቴን ስንመለስ፣ ሌላው የትምህርት ቤቱ ሯጭ ዊልሰን ኪፕኬተር ቅዱስ ፓትሪክ የገባው በታዋቂው ኬንያዊ ሯጭ በኪፕ ኬይኖ ጠቋሚነት ነው። በኋላ ለዴንማርክ ሮጦ፣ በ1997 የ800 ሜትርን ክብረ ወሰን 1:41.11 አደረሰው። ከ13 ዓመት በኋላ ያንን ሰዓት የሰበረው ዴቪድ ሩዲሻ እዚያው ኢቴን፣ ግን ሌላ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። አሠልጣኙ ብራዘር ኮልም ነበሩ።