የወርቅ መርፌ፦ የማይሰፋበት የስፌት ትምህርት ቤት

በምዕራብ አፍጋኒስታን፣ በሄራት ከተማ፣ «የወርቅ መርፌ» የሚል ታፔላ የሰቀለ የሴቶች የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ በሳምንት እስከ ሦስት ቀን ይመጣሉ። ከራስ እስከ እግር በቡርቃ ተሸፍነዋል፤ እያንዳንዷ ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳው ቢፈተሽ ከላይ ቁራጭ ጨርቅ፣ ክርና መቀስ ይገኛል። ከጨርቁ ሥር ደብተርና እስክሪብቶ አለ። በዚያ ትምህርት ቤት ስፌት የተማረች ሴት ብትኖር የሚገርመኝ ያ ነው።

ታሊባን ሄራትን የያዘው በመስከረም 1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካቡል ከመያዟ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሴቶች ከዩኒቨርሲቲም ከሥራም ወጡ። ይህ በየትም ቢሆን መራራ ነው፣ ሄራት ላይ ግን የተለየ ምሬት ነበረው። ሄራት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቲሙራውያን ነገሥታት መቀመጫ ሳለች ገጣሚው ጃሚና ሠዓሊው ቤህዛድ የኖሩባት፣ ንግሥት ጎውሃር ሻድ መስጊድና መድረሳ ያሠራችባት ከተማ ናት። በሄራት እግሩን የዘረጋ ሰው የአንዱን ገጣሚ መቀመጫ ሳይነካ አይቀርም እየተባለ ይቀለድባታል። ግጥም እዚያ የምሁር ጌጥ አይደለም፤ የቤተሰብ ወግ ነው።

ለሴት የተተወው ነገር ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ ነገር አንዱ መርፌና ክር ነው። ስፌት የቤት ውስጥ ሙያ ስለሆነ ማንንም አያስፈራም። በ1996 የሄራት ሴቶች በዚችው ቀዳዳ ሾለኩ። የስፌት ትምህርት ብለው ተሰባሰቡ፤ የሄራት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህራንም ሊያስተምሯቸው ፈቀዱ። ከመምህራኑ ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው መሐመድ አሊ ረህያብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰቡትም በእሱ ቤት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጆች ደጅ ይጫወታሉ። ጨዋታው የእውነት ጨዋታ ነው፣ ግን ጥበቃም ነው። የሃይማኖት ፖሊሶች ወደዚያ ሲያቀኑ ካዩ አንዱ ልጅ ሮጦ ይገባና ይናገራል። መምህሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሰወራል፤ ደብተሩ ወደ ቦርሳው፣ ጨርቁ ወደ ጭን ይዛወራል። የመምህሩ ሚስት ያላለቀ ልብስ አንሥታ የአስተማሪውን ቦታ ትይዛለች። አንድ ወንድ ፕሮፌሰር ከሴቶች ጋር በአንድ ክፍል መገኘቱ ብቻውን በቂ ወንጀል ስለነበር፣ የሁሉም ነገር ዋስትና ደጅ ባለው የልጅ ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ታሊባን ከከተማዋ እስከተባረረበት እስከ ኅዳር 2001 ቀጠለ።

የውጭ ጋዜጠኞች ታሪኩን የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊቷ ክሪስቲና ላምብ በ2002 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው ከእነዚሁ የሄራት ስፌት ቤቶች ነው። ብዙው ዘገባ የሚያተኩረው በቦርሳው፣ በቡርቃውና በፍርሃቱ ላይ ነው። አልፈርድም፤ እኔም የጀመርኩት ከቦርሳው ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ነፍሳቸውን አስይዘው የመጡት ለመደበቅ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር?

ሥነ ጽሑፍ ይነበባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይተቻል። ሼክስፒርና ዶስቶየቭስኪ ይነሣሉ፤ ከፋርስኛው ሐፊዝና ቤዲል። የተማሪዎቹ የራሳቸው ግጥምም ይቀርባል። የፋርስኛ ጋዛል ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ያወቀ ሰው ይህ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ጋዛል በጥንድ ጥንድ ስንኝ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጥንድ ሁለቱም ስንኞች ቤት ይመታሉ፤ ከዚያ ወዲያ የየጥንዱ ሁለተኛ ስንኝ ብቻ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። ቤት መምቻውን ቃፊያ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከቃፊያው ቀጥሎ አንድ ቃል ወይም ሐረግ እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ ይደገማል፤ እሱ ረዲፍ ነው። በሁለት በሁለት ስንኝ ቤት መቀየር ለለመደው ለእኛ ጆሮ ይህ አሰልቺ ይመስላል። ጥበቡ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ያው ቃል በተመለሰ ቁጥር ሌላ ነገር ማለት አለበት። ሚዛኑም የሚለካው በረጅምና በአጭር ድምፅ አሰላለፍ ነው። አንድ አጭር ድምፅ የረጅሙን ቦታ ከያዘ ስንኙ ያነክሳል፤ የጻፈችው ሰው ራሷ ላትሰማው ትችላለች፣ ሌላ ጆሮ ግን ወዲያው ይይዘዋል።

የቅኔ ተማሪ ይህን አይስተውም። ቅኔ ለብቻ ይቆጠራል፣ ግን ለብቻ ቅኔ አይሆንም። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ነግሮ፣ ተነቅፎ ተቃንቶ ነው የሚመለሰው። ሄራት ላይ ሴቶች የተነፈጉት ወረቀት አልነበረም፤ ወረቀት ይደበቃል። የተነፈጉት የሚያርም ጆሮ ነው። ማሳተሚያ ቤት፣ ሽልማት፣ ስም፣ እነዚህ ሁሉ በኋላ ይደረስባቸዋል።

ከዚያ ክፍል ከወጡት መካከል ስሟ ከአገሯ አልፎ የተሰማው ናዲያ አንጁማን ናት። የተወለደችው በሄራት በ1980 መጨረሻ ነው፤ ወደ ወርቅ መርፌ ስትመጣ ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ነበረች። የገጣሚነቷ መምህር ረህያብ ነው። ታሊባን ሲወድቅ ሄራት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ በ2005 «ጉል ኤ ዱዲ» የተባለ የግጥም መድበሏን አሳተመች። «የጢስ አበባ» ልንለው እንችላለን። መጽሐፉ በአፍጋኒስታን ብቻ ሳይሆን በኢራንም ተነበበ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ 25 ዓመት ሳይሞላት፣ የስድስት ወር ልጅ ትታ ሞተች። ባሏ እንደመታት አምኗል፤ መግደሉን ግን ክዷል። ቡርቃና ቦርሳ ከመንግሥት ሊሸሽጉ ይችላሉ። ለቤት ውስጥ ግን የወርቅ መርፌም መላ አልነበረውም።

ስሟን አስተውሉልኝ። «አንጁማን» በፋርስኛ ማኅበር፣ ጉባኤ ማለት ነው።

የወርቅ መርፌ ማኅበር ከሄራት ባይወጣም አምሳያ አላጣም። ካቡል ውስጥ ሚርመን በሂር የሚባል የሴቶች የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ መሥራቿ የኾስት የፓርላማ አባል የነበረችው ሳሂራ ሻሪፍ ናት። በ2012 ካቡል ውስጥ ከ100 በላይ አባላት ነበሩት፤ ብዙዎቹ መምህራን፣ ጋዜጠኞችና የምክር ቤት ሴቶች፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው በግልጽ የሚመጡ። 300 ያህሉ አባላት ደግሞ ከካቡል ውጭ በየአውራጃው ነበሩ፤ እነሱ በድብቅ ነው። ካቡል ድረስ መምጣት ስለማይችሉ ስልክ ይደውላሉ። ልጅቷ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቃ ግጥሟን በስልክ ታነባለች፤ ካቡል ያለችው ሴት ስንኝ በስንኝ እየተቀበለች ትጽፋለች።

በስልክ ከሚነገረው ብዙው ላንዳይ ነው። ላንዳይ የፓሽቱን ሴቶች አጭር ግጥም ነው፦ ሁለት ስንኝ፣ የመጀመሪያው 9 የሁለተኛው 13 ቀለም፣ በድምሩ 22። ቃሉ አጭር መርዛማ እባብ ማለት ነው ይላሉ። ከጥንት ጀምሮ ሴቶች በውኃ መቅጃ ቦታና በሠርግ የሚወራወሩት ነው፤ የእኛ ሴቶች ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩትን ያስታውሰኛል። ባለቤት የለውም። ማን ጻፈው ተብሎ ቢጠየቅ ማንም አልጻፈውም፤ ለዚህም ነው ለስልክ የተመቸው። በስልክ ላይ የተያዘች ልጅ «ስሰማ ያደግኩት ነው» ለማለት ትችላለች። ጋዛል ግን ስም ይፈልጋል፤ ገጣሚው በመጨረሻው ጥንድ የብዕር ስሙን የማስገባት ልማድ አለው።

ታሊባን በነሐሴ 2021 ተመለሰ። ልጃገረዶች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ታገዱ፤ በታኅሣሥ 2022 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋባቸው። በነሐሴ 2024 የወጣው የምግባር ሕግ የሴት ድምፅ ራሱ በአደባባይ ሊሰማ የማይገባው ነገር ነው ብሎ ደነገገ። በዚህ ሁሉ መሀል ለሴቶች ከተተዉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ዛሬም ልብስ ስፌት ነው። በየከተማው የሴቶች የስፌት ቤቶች አሉ፤ መኪናው ይጮኻል፣ ደጅ ላይ ልጆች ይጫወታሉ።