ጨጓራ ነው እየተባለ

ባለፈው መኸር ደምበጫ ዙሪያ ወዳለ አንድ ቀበሌ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «ደኅና ሰው፣ በድንገት ተቀጠፈ» ይላል። ባለቤቱ ግን «በድንገት አይደለም። ሁለት ሌሊት ደረቱን ይዞ ሲያቃስት አድሯል» አሉ። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። ንግግራቸው ከኅሊናዬ ስላልወጣ፣ ሐዘኑ በረድ ሲል ተመልሼ አነጋገርኋቸው።

«ጤፍ ሲያጭድ ውሎ መጣ። ደረቴን ተጫነኝ፣ ግራ ክንዴን አደነዘዘኝ አለ። ጨጓራው ነው ብዬ ተልባ በጠበጥሁለት። ሌሊቱን ላብ አጠመቀው፤ ምች ይሆናል ብለን ዳማከሴ አሸንለት። ሲነጋ ቀለል አለውና አጨዳው ላይ ዋለ። ማታ ደግሞ ባሰበት። ሂድ ታከም ስለው ምን አለኝ መሰለህ ልጄ? በሬ ሸጬ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ፣ ጨጓራ ነው ብለው ቢመልሱኝ አገር አይስቅብኝም ወይ? አለኝ። ሰዉ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፤ ቃሬዛ ተሸከሙኝ ብዬ እንዴት ላስቸግር? አለኝ። ቁስል ቢሆን ደም ይታያል፤ ስብራት ቢሆን አጥንቱ ያገጥጣል። የእሱ ምኑ ይታያል?»

ሟቹን የመረመረ ሐኪም ስላልነበረ ምን እንደገደላቸው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ምልክቶቹን የነገርኋቸው ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ልብን እንደሆነ ነገሩኝ። የልብ ጡንቻን የሚመግበው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲደፈን፣ ጡንቻው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ሰዓት ሲሰጥ ደግሞ ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል። በአገራችን ትልልቅ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ብዙዎቹ ታማሚዎች የሚደርሱት ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ጀምስ ሄሪክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመውን ጽሑፍ ላነበበ ግን አባባሉ አይዋጥም። በጊዜው እንዲህ ያለው የቧንቧ መደፈን ሰውን ወዲያው ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሄሪክ ታማሚው ለሰዓታት፣ ለቀናትም ሊቆይ፣ እንዲያውም ሊተርፍ እንደሚችል አሳየ። በጽሑፉ ካነሣቸው ታማሚዎች አንዱ የ55 ዓመት ሰው ነው። ምግብ በልቶ ሰዓት ያህል ሲቆይ ደረቱን ከታች በኩል ጠንቶ አመመው፤ አጥወለወለው። የበላሁት አልተስማማኝም ብሎ ጉሮሮውን ነካክቶ አስመለሰ። ሕመሙ ግን አልተወውም። ከ52 ሰዓት በኋላ ሞተ። እንግዲህ የቺካጎውም ሰው፣ የደምበጫውም ገበሬ የጠረጠሩት ሆዳቸውን ነው። ሕመሙ ራሱ ያሳስታል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይማ ደረትን ጨርሶ ሳያም በድካም፣ በትንፋሽ እጥረት ወይም በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ልብን በጣም የሚያሳዝነው መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ የታተመ፣ 17,187 ታማሚዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ ተራው አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የረጋ ደም ከሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ሲሰጥ ደግሞ በ42 በመቶ ቀነሰ። አስፕሪን በየመድኃኒት ቤቱ አለ። የሚጎድለው ሕመሙን ለይቶ የሚያውቀው ምርመራ ነው።

በአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ወጣት ጤና መኮንን እንዲህ አለኝ፦ «ያለኝ የግፊት መለኪያና ማዳመጫ ነው። የልብ ምርመራ ማሽን፣ ኢሲጂ የሚሉት፣ የለኝም። ደረቴን የሚል ሁሉ ሪፈር ይጻፍለት ብል ሰዉ አይሄድልኝም። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ እሸኛለሁ። ማታ ስተኛ ግን የማስባቸው አሉ።»

ደምበጫ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለው፤ ከዚያ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ከደምበጫ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባሕር ዳር ይደረሳል። ቧንቧውን በቀጭን ቱቦ በሚገባ ፊኛ የሚከፍተው ሕክምና በዋናነት የሚገኘው 350 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ አዲስ አበባ ነው። የጤና መድኑ ሕክምናውን እንጂ የመንገዱን ወጪ አይችልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሌሊት መንቀሳቀስ የሚያስፈራበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ቆሞ «ለምን ዘገየ?» ብሎ ሟቹን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስንት ጤና ጣቢያዎች ኢሲጂ እንዳላቸው አንድ የጤና ኃላፊ ጠይቄ ነበር። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ፤ አቀረብሁ። መልስ አልሰጡኝም፤ ስልክም አላነሡልኝም።

ጉዳቱ ሞት ብቻ አይደለም፤ ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ የልባቸው ጡንቻ ስለሞተ ልባቸው ሊደክም ይችላል፤ ዳግመኛ ሞፈር መጨበጥ የማይችሉ አሉ።

የክልሉ ጤና ቢሮ በየጤና ጣቢያው አንድ ኢሲጂ፣ የሚያነብ የሠለጠነ ባለሙያና አስፕሪን ያኑር። አንባቢም ደረትዎን የሚጫን ሕመም ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በተለይም ላብ ካጠመቀዎት ወይም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከዘለቀ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በእግርዎም አይሂዱ። መድማት ወይም አለርጂ ከሌለብዎት አስፕሪን አኝከው ይዋጡ። ሲደርሱም «ልብ ይሆን እንዴ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።