ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰው የት ደረሱ?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ የሰፈርዎ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑን ሳያስተውሉ አይቀሩም። ይኸውም «ስንት አመጣ?» የሚለው ነው። ከዚህ የሚበልጠውን፣ ማለት «ከዚያስ በኋላ የት ደረሰ?» የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ ዘመድ አዝማድ ይበተናል፤ ጎረቤትም ወደየጉዳዩ ይመለሳል። ልጁ ግን የሠላሳና የዐርባ ዓመት የሥራ ዘመን ገና ከፊቱ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

እኔ በአዳማ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ባይሆነኝም፣ በእጄ ያለፉትን ተማሪዎች በየመንገዱ፣ በየጋራዡና በየሱቁ አገኛቸዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ፈተናው ሳይሆን ከፈተናው በኋላ ስላለው ኑሮ ከእርስዎ ጋር ለመጨዋወት ፈለግሁ።

ቀድሞ እንዴት ነበር?

ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር የተማሪው መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት፣ ከሁሉ በፊት የታሰበው የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ አስተርጓሚዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን ለማፍራት ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛን የሚጨርሰው ወጣት ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ቀለም የቀመሰ ሰው ፈላጊ አያጣም ነበር። ወደ ኮሌጅ ያልገባው በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በጦር ሠራዊት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ቦታ ያገኛል። ወላጆቻችን «የተማረ ይግደለኝ» እያሉ ትምህርትንና የመንግሥት ወንበርን አንድ አድርገው መመልከታቸው ከዚሁ የመጣ ነው። ነገሩ በዘመኑ እውነት ነበርና አይፈረድባቸውም።

ዛሬ ያለው ቁጥር

ዘመኑ ግን ተለውጧል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ፣ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 30,000 አይሞሉም ነበር። ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ከመቶ 3.2፣ ከዚያም በኋላ ከመቶ 5.4 አለፉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከመቶ ልጆች መካከል ለሦስቱ ወይም ለአምስቱ እልል ስንል፣ ስለ ቀሩት ዘጠና አምስቱ ምን እንላለን? «ወደቁ» ብለን ዝም እንላለንን? የወደቀ ሰውም ቢሆን ከወደቀበት ተነሥቶ ወደ አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም።

ፊደል ያስቈጠሩት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈተናውን በቀጥታ ካለፉት ሌላ፣ ወደ ማለፊያው ነጥብ የቀረቡት ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት አልፈው እንዲገቡ ተፈቅዷል። ከተማሪዎቼ አንዲቱ ውጤቷን ባየች ቀን ለሦስት ቀን ከቤት ሳትወጣ ቀርታ ነበር። በኋላ በሪሚዲያል ገብታ፣ ዛሬ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ትከታተላለች። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ መግባትም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪ ለመቀበል የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ከዚያም በኋላ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆመው ስልክ ቍጥር የሚገለብጡትን ወጣቶች ያየ ሰው፣ ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ እንዳልሆነ ይረዳል።

ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ መንገድ ነው። በዚህ በኩል ተማሪው ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አምስት ባለው ሥልጠና እንደ ብቃቱ ያልፋል፤ ሲጨርስም የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለውን ይወስዳል። ብዙ ወላጅ ይህን መንገድ የሰነፎች መጠጊያ አድርጎ ይቈጥረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያ ልጆቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይልክ የነበረው የዊንጌት ግቢ ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የተፈሪ መኰንን ግቢም እንጦጦ ተብሎ የሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። የአገር ልሂቃን የተማሩበት አዳራሽ ብየዳና ኤሌትሪክ ቢማሩበት ክብሩ ይቀንሳልን?

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የኤሌትሪክ መስመር ዝርጋታ ተምሮ በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ይሠራል። አንድ ቀን ወደ ማታ የሽቦ ጥቅል በትከሻው አንግቦ ሲመጣ አየሁት። እርሱም እኔን ባየ ጊዜ ወደ ቅያስ ታጠፈ። በስሙ ጠርቼ አስቆምሁትና ለምን እንደ ሸሸ ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ በባዶ እጄ ላገኝዎ አፍሬ ነው» አለኝ። በአንድ እጁ ፒንሳ፣ በሌላው ቴስተር ይዞ ነበር። ነገሩን ስናወጋ ሁለት ረዳቶች ቀጥሮ እንደሚያሠራና የታናሽ እኅቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለውም እርሱ መሆኑን ተረዳሁ። ይህን የመሰለ ወጣት በገዛ ከተማው እንዲሸሸግ ያደረገው ምንድን ነው? ሥራው አይደለም፤ እኛ ስለ ሥራው የምንናገረው ነገር ነው እንጂ።

ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ሥራ መግባት ነው። አዳማ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ወንዶቹ በጋራዥና በጎሚስታ ቤት፣ በባጃጅ ሹፌርነትና በከባድ መኪና ረዳትነት ይሠማራሉ። ከሴቶቹ አንዲቱ ከአክስቷ የስፌት መኪና ላይ ሙያ ቀስማ፣ ዛሬ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። በጳጉሜንና በመስከረም እንቅልፍ አታውቅም፤ ሁለተኛ መኪና ለመግዛትም ዕቁብ ገብታለች። በኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩም አሉ። የእነዚህ ኑሮ ቀላል ነው ብዬ አልሸነግልዎም። ደመወዙ የቤት ኪራይ አልችል ስለሚል አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ይሁን እንጂ ሰዓት አክብሮ መግባትንና ደመወዝን ቈጥሮ መያዝን በትምህርት ቤት ካስተማርናቸው ይልቅ እዚያ ተምረዋል።

አራተኛው መንገድ የባሕር ማዶው ነው። ስለዚህ ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ፤ ለማለፍ የጐደላት ጥቂት ነጥብ ነበር። በሰፈሩ «ወደቀች» መባሉ ስላንገበገባት ደላላ አግኝታ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እናትዮዋ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ትራንስክሪፕቷን እንድናወጣላቸው ለመኑን። «ስትመለስ ትቀጥላለች» አሉኝ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው በነጠላቸው ሥር ይዘው ሄዱ። ልጅቱን ያሰደዳት ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያ ወር አንድ ሰው «አይዞሽ፣ ሌላም መንገድ አለ» ብሏት ቢሆን ትቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለወላጆች የምለው አለኝ። ልጅዎ ገና ዐሥረኛ ክፍል ሳለ ስለ ሁለት መንገዶች ያጫውቱት። ካለፈ ምን እንደሚያጠና፣ ካላለፈ ደግሞ የትኛውን ሙያ እንደሚይዝ አብራችሁ ምከሩ። ሁለተኛው መንገድ የታሰበበት ሲሆን፣ የውጤቱ ቀን የለቅሶ ቀን አይሆንም። የሙያ ኮሌጅ ሲመርጡም ኮሌጁ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የተግባር መለማመጃ መሣሪያ መኖሩንና ተማሪዎቹ ለብቃት ምዘና የሚቀርቡ መሆናቸውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ሁለተኛም ለእኛ ለመምህራን ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚሰቀለው ከፍተኛ ነጥብ ያመጡት ልጆች ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎቹ የት እንደ ደረሱ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ቢኖረው ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። በዓመት አንድ ቀንም ሐኪሙንና መሐንዲሱን ብቻ ሳይሆን፣ ኤሌትሪክ ሠራተኛውንና ልብስ ሰፊዋንም ጠርተን ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሥራቸውን እንዲያስረዱ ብናደርግ፣ ልጆቹ የሚሄዱበትን አገር ሳይደርሱ ያውቁታል።

ለእናንተም፣ ዘንድሮ ለፈተና ለምትቀመጡ ወጣቶች፦ አጥኑ፤ ማለፍን ተመኙ። ባታልፉም ግን ከመምህሮቻችሁ አትሸሹ። መምህር በመንገድ ላይ የቀድሞ ተማሪውን ሲያገኝ ደስ የሚለው ነጥቡን አስታውሶ አይደለም፤ ቆሞ ሲሄድ ስላየው ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የዘንድሮው ውጤት ሲወጣ በጎረቤትዎ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቢያዩ «ስንት አመጣህ?» ብለው አይጠይቁት። ወንበር ስበው ያስቀምጡትና «አሁን ምን ለመሥራት አስበሃል?» ይበሉት። መልሱ ባይዘጋጅለትም አብረውት ያስቡ።