ያውቁ ኖሯል? ከአራት ኪሎ እስከ ቡናው ከረጢት

የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ ለመማር አስበው ከሆነ ከአራት ኪሎ መራቅ አያስፈልግዎትም። አዋጁን የሚያጸድቀው ምክር ቤትም፣ የሚያትመው ብርሃንና ሰላምም እዚያው ናቸው። ዩኒቨርሲቲውም ሩቅ አይደለም፦ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሕግ ትምህርቱ ስድስት ኪሎ። ሦስቱ አንድ የታክሲ መስመር ላይ ናቸው፤ አብረው ሻይ ሲጠጡ ግን እምብዛም አይታዩም።

አዋጆች የሚታተሙበትን ነጋሪት ጋዜጣ ገልጠው ያውቃሉ? ራስጌው ላይ «ፖ.ሣ.ቁ. ፹ሺ፩»፣ በግራ ዓምድ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይላል። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ ውል የሚያረቅ ይጠንቀቅ!

የፓተንት አዋጃችን (ቁጥር 123/1987) ግንቦት 2 ቀን 1987 ሲወጣ ሕገ መንግሥቱ ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር፤ ሦስት ወር ይቀረው ነበር። ፓተንት 15 ዓመት ይጸናል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። የንግድ አሠራር ዘዴ ግን ፓተንት አያገኝም። «ጥሩ ሐሳብ አለኝ» ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለነጋዴ የሚጥመው ግን የአስገቢ ፓተንት ነው። በውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበውን ፈጠራ በራስዎ ኃላፊነት አምጥተው ቢሠሩበት እስከ 10 ዓመት ጥበቃ ያገኛሉ። ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ ሥራ ላይ ካልዋለ ይሰረዛል።

በ1952ቱ የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» ማለት ቤቱና መደርደሪያው አለመሆኑንስ ያውቃሉ? ይህ ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው ይል ነበር፤ መልካም ዝናው፣ ስሙ፣ ምልክቱ፣ ፓተንቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። የፒያሳ ወርቅ ቤት ከቦታው ቢነሳ እንኳ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ግን ልብ ይበሉ፦ የንግድ ስም ንግድ ቢሮ ይመዘገባል፣ የንግድ ምልክት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። በአንዱ መመዝገብ ለሌላው አይተርፍም።

ቡናችንስ? በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ቀደም ሲል «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት አመልክቶ ነበር። ነገሩ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ብዙዎች ከንግድ ምልክት ይልቅ ምርቱ ከየት አካባቢ እንደመጣ የሚመሰክረው የመልክዓ ምድር አመልካች ይሻላል ብለው መክረው ነበር፤ ነገር ግን ያንን ለማስከበር ከየማሳው የወጣውን ከረጢት ሁሉ መከታተል ያስፈልጋል። ቡናው የሚለቀመው ደግሞ ቁጥር ስፍር ከሌላቸው ትናንሽ ማሳዎች ነው። እኔን ቢጠይቁኝ የንግድ ምልክቱ ብልህ ምርጫ ነበር።

የጤፉ ነገር ግን ያናድደኛል። በ1997 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ውል የገባ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ1999 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ሌላ እጅ ገብቶ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. «ፈጠራዊ ብቃት የለውም» ብሎ በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ተከራክሮ ያሸነፈው የኢትዮጵያ መንግሥት መስሎዎት ይሆናል፤ አይደለም። «ፓተንታችንን ጣስክ» ተብሎ የተከሰሰ የዚያው አገር ኩባንያ ነው።

አንድ የመጨረሻ። በብዙው ዓለም የንግድ ምልክት ምዝገባ 10 ዓመት ይቆያል፤ በእኛ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ግን 7 ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ምስክር ወረቀትዎ መሳቢያ ውስጥ ካለ ቀኑን ዛሬውኑ አውጥተው ይመልከቱት።