የተሰጠ አድራሻ አይነጠቅም

በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ድረ ገጹን ከጁምላ ወደ ዎርድፕረስ አዛውሮ ነበር። የገጹን ፍጥነት እንዳሻሽል ተጠርቼ የሰርቨሩን ሎግ ስከፍት፣ አንድ የድሮ አድራሻ ደጋግሞ እየተፈለገ «አልተገኘም» ተብሎ ሲመለስ አየሁ። የክትባት መርሐ ግብር ገጽ ነው። በየጤና ጣቢያው በተለጠፈ ፖስተር ላይ የታተመው ኪውአር ኮድ የሚወስደው ወደዚያ ነው። ገጹ አልጠፋም፤ በአዲስ አድራሻ ተቀምጧል። ኃላፊውን ስጠይቃቸው «ሊንኩን እኮ ያሳመርነው ሆን ብለን ነው፤ የድሮው በቁጥርና በምልክት የተሞላ ነበር» አሉኝ። የጎደለው ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ አንድ መስመር ማስተላለፊያ ብቻ መሆኑ እስካሁን ይከነክነኛል።

«ሊንኩን ያሳመርነው ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማሁበት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። አድራሻ እንደ ቀለምና እንደ ፊደል ቅርጽ የመልክ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ዎርድፕረስ ላይ የፐርማሊንክ ቅንብር ውስጥ ገብቶ አንድ አማራጭ መምረጥ ስለሚበቃ፣ ለውጡም የዚያኑ ያህል ቀላል ይመስላል። ግን አድራሻው ከወጣ በኋላ በእኛ እጅ አይደለም። በቴሌግራም ቻናል ተላልፏል፣ በደብዳቤ ተልኳል፣ በተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ግርጌ ገብቷል፣ ወረቀት ላይ ታትሟል። እነዚህን ሁሉ ዞሮ የሚያርም ሰው የለም። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ ነው ብለው የተከራከሩት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዛሬም ይህንኑ ከሀ ጀምሬ ማስረዳት አለብኝ።

አድራሻ ለመቀየር የሚሰጠኝ ሁለተኛው ምክንያት «ለጎግል ብለን ነው» የሚለው ነው። ጎግል ራሱ ለጀማሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ በአድራሻ ውስጥ ያሉ ቃላት በፍለጋ ደረጃ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ይናገራል። ለዚህ ተብሎ ለዓመታት ሌሎች ሲጠቁሙት የኖረ አድራሻ ይጣላል።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ችግሩ ይብሳል። ጸሐፊው ርዕሱን በአማርኛ ይጽፋል፣ ዎርድፕረስ ያንኑ ርዕስ አድራሻ ያደርገዋል፣ ብራውዘሩ ላይ በፊደላችን ሲታይ ያምራል። ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ የመቶኛ ምልክትና የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ላይ በ3 ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል 9 ቦታ ይበላል። ዎርድፕረስ ለዚህ የሚሰጠው ቦታ 200 ነው። ከ22 ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው። «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ሁሉ «ሪፐብ» ላይ ይቆረጣል። በዚህ ስም የሚጀምሩ ዜናዎች አድራሻቸው አንድ ዓይነት ስለሚሆን ዎርድፕረስ ከኋላቸው 2፣ 3፣ 4 እያለ ይቀጥላል። የትኛው የቱ እንደሆነ አድራሻውን አይቶ የሚለይ የለም። በስልክ ለመናገርም ሀሌታው «ሀ» ነው ወይስ ሐመሩ «ሐ»፣ እሳቱ «ሰ» ነው ወይስ ንጉሡ «ሠ» እያሉ መዘርዘር ግድ ይላል፤ አንዷ ከተሳሳተች ገጹ አይከፈትም።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ ይጻፍለት እላለሁ። ፊደላችንን መናቅ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ስሜቱን አከብራለሁ። ግን ፊደሉ በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ ሙሉ ክብሩን ይዞ ይኖራል፤ አድራሻው የተፈጠረው ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ቀ»ን በኬ ወይስ በኪው እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይስማማ። የመምሪያ ስም አይግባበት፤ መምሪያ ይታጠፋል፣ ስሙም ይለወጣል። በየዓመቱ የሚታደስ ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍ።

የድሮው አድራሻ የግድ ከተለወጠ ደግሞ እያንዳንዱ ወደ ትክክለኛ ተተኪው በ301 ቋሚ ማስተላለፊያ ይመራ። የጠፋውን ሁሉ ወደ መነሻ ገጽ የሚወረውሩት ፕለጊኖች መፍትሔ አይደሉም። የክትባት ቀን የምትፈልግ እናት መነሻ ገጹ ላይ ምን ታደርጋለች? ጎግልም ቢሆን እንዲህ ዓይነቱን እንደጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው። «ዎርድፕረስ ራሱ ያስታውሳል» የሚሉኝም አሉ። የወጣ ጽሑፍ አድራሻ ሲቀየር የቀድሞውን መዝግቦ ያስተላልፋል፣ እውነት ነው። ከጁምላ ዘመን የመጣውን አድራሻ ግን ከየት ያውቀዋል? ጎግል ማስተላለፊያው ቢያንስ 1 ዓመት ይቆይ ይላል። ወረቀት ላይ ለታተመ አድራሻ ግን 1 ዓመት ምንም አይደለም፤ ድረ ገጹ እስካለ ድረስ መቆየት አለበት።

የሚደርሱኝ የድረ ገጽ ጨረታ ሰነዶች ስለ ቀለም፣ ስለ ሎጎና ስለ ገጽ ብዛት በዝርዝር ይጠይቃሉ። ስለ ድሮ አድራሻዎች የሚጠይቅ ግን አይገጥመኝም። ከእንግዲህ ከሎጉ፣ ከጎግል ሰርች ኮንሶልና ከኅትመት ክፍሉ የተሰበሰበ የአድራሻ ዝርዝር ሳይቀርብልኝ ዋጋ አላስገባም።